ዳገትና ሸክም፤ ከግሸን አምባ እስከ መጋዘን መወጣጫ

ግሸን አምባ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ ዙሪያውን ገደል ከብቦት አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የቆመ ተራራ ነው። የአናቱ ቅርጽ መስቀል ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉ በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ያረፈው በዚሁ አምባ ላይ በመሆኑ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ብዛት ለቁጥር ያስቸግራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ አምባውን በሌላ አገልግሎቱም ያውቁታል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ዙፋን ሊወርሱ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች በዘብ ተጠብቀው የሚኖሩት በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው በ1426 ዓ.ም. ዙፋን የያዙት ከዚህ አምባ ወርደው እንደሆነ ይነገራል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ ተራራውና ስለ ጥበቃው ጥብቅነት በሰፊው ጽፏል። ወሬው ወደ አውሮጳ ሲሻገር መልኩን ለወጠ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ውስጥ «የአማራ ተራራ» ከገነት ጋር የሚነጻጸር ስፍራ ሆኖ ተጠቅሷል። ዳገቱን ወጥተው ላላዩ ሰዎች ተራራን ገነት ማድረግ ቀላል ነው።

ነገሩ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ግሸን ከሁሉ አስቀድሞ የተዳፋት ጉዳይ ነው። አምባውን እስር ቤት ያደረገው የግንብ አጥር አይደለም፤ ዳገቱ ራሱ ነው። መውጫው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ዘበኞች ብዙ ሰው ሊያግዱ ይችላሉ፤ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ከታች ይቀራል። ይህ ጥበቃ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። በአምባው አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን የሠራ፣ እህል ያከማቸ፣ ወይም ጣሪያ የከደነ ሰው ሁሉ ዕቃውን በትከሻና በአጋሰስ ጀርባ አውጥቶታል። በእንዲህ ያለ መንገድ የሸክሙን ልክ የሚወስነው የባለቤቱ ፍላጎት አይደለም፤ የተሸካሚው ጉልበት ነው። አህያ በዳገት ላይ የምትችለው ግማሽ ኩንታል ገደማ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ወይ ተከፋፍሎ ይወጣል፣ ወይ ከነጭራሹ አይወጣም። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በ1532 ዓ.ም. ገደማ አምባውን እስኪይዘው ድረስ በዚህ ምሽግነቱ ተከብሮ ኖሯል።

ስለዚህ ተዳፋት ሁለት ባሕርይ አለው ማለት ነው። አንዱ መከልከል ሲሆን ግሸን ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛው ማሳለፍ ነው፤ ይኸውም አንድን ከባድ ነገር ሳይከፋፍሉ፣ ሳይጥሉና ሳይሰብሩ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ስፍራ ማድረስ ነው። የመጀመሪያውን ተፈጥሮ ሠርታዋለች። ሁለተኛው ግን ስሌት ይጠይቃል። በአገራችን ታሪክ ይህን ስሌት በሰፊው የፈተነው ሥራ የተከናወነው ከግሸን ሩቅ ባልሆነ ስፍራ፣ በዚያው በበሽሎ ሸለቆዎች አካባቢ፣ በመቅደላ መንገድ ላይ ነበር።

ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ታላቅ መድፍ፣ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን እንደሚመዝን ይነገራል። መድፉን ያቀለጡት ጋፋት የሰፈሩት የአውሮጳ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ በዚህ ሥራ ከባድ ብረት በማቅለጥ የቀደመ ልምድ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ መድፍን ማቅለጥ የችግሩ እኩሌታ ብቻ ነበር። ንጉሡ በመስከረም ወር 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ አብሮ መሄድ ነበረበት። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከመቶ ኪሎ ሜትር እጅግ ይበልጣል። ርቀቱን የሚያስንቀው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ በመንገዱ ላይ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ከደጋው ሜዳ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከወንዙ ማዶም ያንኑ ያህል ዳገት ይጠብቃል። ለእግረኛ ይህ የአንድ ቀን ድካም ነው። ለ7 ቶን ሠረገላ ግን የወራት ሥራ ሆነ።

መንገዱ አልነበረም፤ መሠራት ነበረበት። ወታደሩ ቋጥኝ እየፈነቀለ፣ አፈር እየቆረጠ፣ በዝቅተኛው ጎን ድንጋይ እየደረደረ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ጠረገ። በንጉሡ እጅ ታስረው የነበሩት አውሮጳውያን በጻፏቸው ማስታወሻዎች ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡና ሥራውን ይመሩ እንደነበር ገልጸዋል። መድፉን የሚጎትተው ሰው ቁጥር 500 ገደማ እንደነበር ይነገራል። ከደብረ ታቦር ከተነሡበት ቀን አንሥቶ መድፉ መቅደላ ሥር እስኪደርስ ድረስ ወደ 6 ወር የሚጠጋ ጊዜ ወስዷል። ከዚህ ጊዜ አብዛኛውን የበሉት ሁለቱ ሸለቆዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከተለመደው ትረካ የተለየ ነገር ይናገራልና። 7 ቶን የሚመዝን ሠረገላ 20 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ሲወጣ፣ ክብደቱ ብቻውን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ወደ 1.4 ቶን ይጠጋል። ባልተጠቀጠቀ የአፈር መንገድ ላይ የጎማውን እንቅፋት የክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ብናደርገው ሌላ 0.7 ቶን ይጨመራል። ድምሩ 2.1 ቶን ነው። አንድ ሰው ያለማቋረጥ 15 ኪሎ ግራም ኃይል መሳብ ይችላል ቢባል፣ ይህን ሸክም ለማንቀሳቀስ 140 ሰዎች ይበቃሉ። ታዲያ 500 ሰው ለምን አስፈለገ? የጉልበት እጥረት ስለነበረ ነው ማለት አያስኬድም። ምክንያቱ መንገዱ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ገመድ የያዘ የሰው ሰልፍ ረጅም ነው፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ከፊት ያሉት ሳቢዎች መስመራቸው ከሠረገላው አቅጣጫ ይወጣና ኃይላቸው ወደ ገደሉ ወይም ወደ ተራራው ጎን ይባክናል። በመታጠፊያው ላይ በትክክል የሚስቡት ለሠረገላው የቀረቡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በጠባብ እጥፋት ላይ የሰው ብዛት መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው እጥፋቱን ማስፋት ነው። ስድስቱ ወር ያለቀው በመጎተት ሳይሆን በመቁረጥና በመሙላት እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከመውጣትም መውረድ ይከብዳል። በዳገት ላይ ገመድ ቢበጠስ ሠረገላው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚሸጉጥ ሰው ካለ ይቆማል። በቁልቁለት ላይ ግን ሸክሙ ራሱ ነጂ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሠረገላ በቁልቁለት የሚያዘው ከኋላ በገመድ በሚጎትቱት ሰዎች ክንድ ነው፤ ፍሬን እነሱ ናቸው። ከዚህም ሌላ ከዳገት ወደ ሜዳ፣ ከሜዳም ወደ ቁልቁለት የሚታለፍባቸው ቦታዎች አሉ። በእነዚህ አናቶች ላይ የፊት ጎማዎች ወዲያ ማዶ ወርደው የኋላዎቹ ገና ሳይደርሱ ሲቀሩ፣ የመንገዱ ጉብታ ከሠረገላው ሆድ ጋር ይገናኛል። ሠረገላ በሆዱ ከተኛ ጎማዎቹ አየር ላይ ይቀራሉ፤ የጎተተው ሰው ቢበዛም ባይበዛም ለውጥ የለውም። እንዲህ ላለው ጭነት መንገድ የሚሠራ ሰው ዳገቱን ከማላላት በተጨማሪ አናቱን ማክበብ አለበት። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ መጋዘን ስንነጋገር ይመለሳል።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው መሬት ላይ፣ ለዚያው ችግር ፍጹም የተለየ መፍትሔ ይዞ የመጣ ሌላ መሐንዲስ ነበር። የእንግሊዙን ጦር የመራው ሮበርት ናፒየር በሙያው የጦር መሐንዲስ ነበር። ጦሩ ዙላ ላይ ወርዶ መድረኮችንና አጭር የባቡር ሐዲድ ሠራ። ወደ ደጋው ግን ሐዲዱን አልቀጠለም። ቀላሎቹን የተራራ መድፎች በበቅሎ፣ ከባዶቹን ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አማካይነት አጓጓዘ። ዝሆን ጎማ የለውም፤ ሆዱም ከመሬት ይርቃል። ናፒየር መንገዱን ለሸክሙ ከማስተካከል ይልቅ ሸክሙን ለመንገዱ አስተካከለ ማለት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። መድፉ የማይከፋፈል አንድ ቁራጭ ስለነበረ መሬቱን ከመለወጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

መራራው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ አገኘ። ንጉሡ በወታደራቸው ላብ ለሴባስቶፖል ያሠሩት መንገድ ለጠላት ጦር መውረጃና መውጫ ሆነ። ከዘመቻው ጋር የነበሩ ጸሐፊዎችም ሥራውን በአድናቆት መዝግበውታል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ናፒየር ብዙ ነገር ጭኖ ሲመለስ ሴባስቶፖልን አልወሰደም። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ወጥቶ የነበረን 7 ቶን እንደገና ለማውረድ ሌላ 500 ሰውና ሌላ 6 ወር ያስፈልግ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ በነበሩት ሰባ ዓመታት ጎማ ያለው ከባድ ሸክም በወሎ ተራሮች ላይ ብርቅ ሆኖ ቆየ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በ784 ኪሎ ሜትር መስመሩ ላይ ለመጋዘን ሥራ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ይኸውም የመጋዘኑን ወለል ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል ማድረግ ነው። ዕቃ ከፉርጎ ወደ መጋዘን ሲገባ አይወጣም፣ አይወርድም። ነገር ግን ይህ መስመር ወሎን አልነካም። ወሎን ከባሕር ጋር ያገናኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣው መንገድ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ዋና ዋና መንገዶችን ተረክቦ መጠገንና ማስፋት ያዘ። የጭነት መኪና በየአውራጃው ሲለመድ ኮምቦልቻ ቆላውና ደጋው የሚገናኙበት፣ ከአሰብ የመጣው ጭነት የሚራገፍበት ከተማ ሆነች።

በዚህ ወቅት ስለ መንገድ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መጋዘን በር ግን የጻፈ ጥቂት ነው። የጭነት መኪና ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህን ልዩነት ለረጅም ዘመን የሞላው ሳንቃ ነው። ጫኝና አውራጅ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ፣ በሚረግፍ ሳንቃ ላይ ወጥቶ፣ መጋዘን ውስጥ ደግሞ በተደረደረው ጆንያ ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠ ይከምራል። ሳንቃው ስንት በመቶ ተዳፋት እንዳለው ማንም አልለካውም። ለባዶ እግርና ለላብ የተሠራ ተዳፋት ነበርና ስህተቱን የሚከፍለው ጉልበትና ወገብ ነው። የተሰበረ ሳንቃ ወዲያው ይታያል፤ የተሰበረ ወገብ ግን በሒሳብ መዝገብ አይገባም።

ይህ ሥርዓት እስከ መጨረሻ ኃይሉ የተፈተነው በ1977 ዓ.ም. ነው። በ1966ቱ ረሃብ ምክንያት የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ10 ዓመት በኋላ ከዚያ የከፋ መከራ ገጠመው። ከውጭ የመጣው እህል በአሰብ ወደብ ተራግፎ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ በመኪና እየተጫነ ወደ ወሎ ይወጣ ነበር። የጭነት መኪና እጥረት የሥራው ማነቆ እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተነግሯል። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች በአውሮፕላን እህል እስከ መጣል የደረሱት መንገድ ያልገባባቸው ደጋማ ቦታዎች ስለነበሩ ነው። መኪና ሲያንስ ደግሞ መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚያባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋው እጥፍ ይሆናል። 22 ቶን የጫነ መኪና፣ ጆንያው 50 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ 440 ጆንያ ይዟል። 10 ተሸካሚዎች እያንዳንዳቸው ደርሶ መልሱን በ2 ደቂቃ ቢጨርሱ ማራገፉ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ለመጀመሪያው መኪና ነው። ለስድስተኛው መኪና የተሸካሚው እርምጃ እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ ኮምቦልቻ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ከሚቀመጥባቸው ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች። ትላልቅ መጋዘኖች ሲበዙ ፎርክሊፍት አብሮ መምጣቱ አይቀርም። ይህ መሣሪያ በዓለም ላይም ዕድሜው ረጅም አይደለም። ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1917 እ.ኤ.አ. ለራሱ ፋብሪካ ዕቃ ማመላለሻ እንዲሆን የሠራው ትንሽ ተሽከርካሪ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል፤ ፓሌትና ፎርክሊፍት ተጣምረው የዓለምን የዕቃ አያያዝ የለወጡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ፎርክሊፍት 20 ጆንያ፣ ማለትም 1 ቶን፣ በአንድ ጊዜ ያነሣል። ያንኑ መኪና በ22 ምልልስ ያራግፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ጆንያው ከመነሻው በፓሌት ላይ ተደርድሮ ካልመጣ፣ ፓሌቱ ላይ የሚደረድረው ያው ሰው ነው። መሣሪያውን ገዝቶ ፓሌቱን የረሳ መሥሪያ ቤት ያተረፈው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ችግር መወጣጫው ነው። ለሰው የተሠራ መወጣጫ ለፎርክሊፍት አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰው ሆዱ መሬት አይነካም። በተለመደው 2.5 ቶን የሚያነሣ ፎርክሊፍት በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ገደማ፣ ከመሬት እስከ ሆዱ ያለው ክፍተት ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መወጣጫው 10 በመቶ ተዳፋት ኖሮት በአናቱ ላይ በሹል ማዕዘን ከመጋዘኑ ወለል ጋር ቢገናኝ፣ ማዕዘኑ ከሁለቱ ጎማዎች መካከል በሆነ ጊዜ ወደ ሆዱ የሚገባው ከፍታ የርቀቱና የተዳፋቱ ብዜት ለአራት ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ይኸውም 1.6 ሜትር በ0.1 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ሲቀነስ 6 ይተርፋል፤ ያልፋል። ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ የሚቀነሰው 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚተርፈው 4 ብቻ ይሆናል። ከዚህ ላይ የተበላ ጎማ፣ በጭነት የተጨመቀ ጎማና በሲሚንቶው አናት ላይ የቀረ ጉብታ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር አንባቢ ራሱ ያሰላዋል።

በእጅ የሚገፋው የፓሌት ጋሪ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሠራተኛው ፓሌቱን ከመሬት የሚያላቅቀው ለማንቀሳቀስ በሚበቃው መጠን ብቻ ነው፤ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር። በአናቱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከተወሰደበት ፓሌቱ ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ጋሪው የሚሄደው በገፊው ደረት ኃይል ነው።

የመወጣጫው እግርም የራሱ ጣጣ አለው። የፎርክሊፍት ሹካ ጫፍ ከፊት ጎማው 1.5 ሜትር ያህል ቀድሞ ይሄዳል። የፊት ጎማው ገና ሜዳ ላይ እያለ፣ 10 በመቶ ዳገት በሹካው ጫፍ ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ይነሣል። ነጂው ሹካውን በተለመደው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይዞ ከመጣ ጫፉ ከዳገቱ ጋር ይጋጫል ማለት ነው። ምሰሶውን ወደ ኋላ ማዘንበል ጫፉን ያነሣዋል፤ ነገር ግን አንድን መወጣጫ የነጂው ጥንቃቄ ብቻ እንዲያሳልፈው አድርጎ መንደፍ ንድፍ አይባልም። በዚያ ላይ ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት በዳገት ላይ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው አቅጣጫ መዞር አለበት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ተዳፋቱ ከ10 በመቶ ሲበልጥ ይህን ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ ሲወርድ በኋላው ነው የሚወርደው፤ ነጂው ወደ ኋላ እያየ፣ ከፊቱ አንድ ቶን ተሸክሞ። የጅዳን ቁልቁለት በገመድ ለያዙት ወታደሮች ይህ ሕግ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ቦታ ብቻ ይፈልጋል። 1.2 ሜትር ከፍታ በ15 በመቶ ተዳፋት 8 ሜትር፣ በ10 በመቶ 12 ሜትር፣ በ8 በመቶ 15 ሜትር መሬት ይወስዳል። ባለቤቱ 8 ሜትሩን ይመርጣል፤ መሐንዲሱ 15 ሜትሩን መጠየቅ ይኖርበታል። በአናቱና በእግሩ ላይ ደግሞ የተዳፋቱ እኩሌታ ያለው ማሸጋገሪያ ቁራጭ ይገባል። በ10 በመቶው ምሳሌ፣ ማዕዘኑ በሁለት የ5 በመቶ ማዕዘኖች ሲተካ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ክፍተት ከ4 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሆኖም የማሸጋገሪያው ርዝመት በጎማዎቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ማጠር የለበትም። እጅግ ካጠረ ሁለቱም ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ ከሆዱ ሥር ይገቡና የታሰበው ጥቅም ይቀንሳል። 

ከስሌቱ በላይ ግን በአገራችን ብዙ መወጣጫ የሚያበላሸው አፈር ነው። የመጋዘኑ ወለል በመሠረት ላይ ያርፋል፤ መወጣጫው ግን በሙሌት አፈር ላይ። ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ይሰምጣል። ሥሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ወለሉና መወጣጫው በሚገናኙበት መስመር ላይ የጣት ውፍረት ያህል ደረጃ ይፈጠራል። ይህ ደረጃ ለመኪና ጎማ ምንም አይደለም። ለፓሌት ጋሪዋ ትንንሽ ጎማ ግን ግንብ ነው፤ 1 ቶን ጭነት በድንገት ሲቆም ደግሞ ጆንያው ወደ ፊት ይናዳል። ከዚያ የጥገና ክፍሉ ይመጣና በደረጃው ላይ ሲሚንቶ ይለጥፍበታል። የተለጠፈው ሲሚንቶ አናቱን እንደገና ያሾለዋል፤ በንድፍ የተገኘው 2 ሴንቲ ሜትር በማንኪያ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ወለሉን በመወጣጫው ጅማሬ ላይ በብረት ማሰሪያ ማያያዝ፣ ወይም በመገናኛው ላይ በማጠፊያ የሚንቀሳቀስ የብረት ሰሌዳ ማድረግ ዘላቂ ነው። የውሃ መውረጃው ቦይም ከመወጣጫው እግር ራቅ ብሎ መቆፈር አለበት፤ ቦዩ ሹካው በሚወርድበት ነጥብ ላይ ሲሆን የቦዩ ክዳን የመጀመሪያው ተሰባሪ ይሆናል።

የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ከተቋረጠ ወዲህ የወሎ ጭነት የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል፤ በጆንያ ብቻ ሳይሆን በኮንቴይነርም የሚመጣው ዕቃ በርክቷል። የኮንቴይነር ወለል ከመሬት የሚርቀው ከመኪናው አካል ጋር ተደምሮ ስለሆነ ለ1.2 ሜትር የተሠራ መድረክ ሁልጊዜ አይገጥመውም፤ ልዩነቱን የሚሞላው ማስተካከያ ሰሌዳም የራሱ ተዳፋትና የራሱ አናት አለው። በዚህ ምክንያት አንድ መወጣጫ ርክክብ ሲደረግበት ተዳፋቱን በመሣሪያ መለካት ብቻ አይበቃም። ለዚህ የሚያስፈልገው መፈተሻ ርካሽ ነው። 1.6 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ሳንቃ ይወሰድና በሁለቱ ጫፎቹ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው እንጨቶች ይመታሉ። ሳንቃው ከሜዳው ጀምሮ በመወጣጫው ላይ ቀስ እየተባለ እስከ መጋዘኑ ውስጥ ይጎተታል። በየትኛውም ነጥብ ላይ በሳንቃውና በሲሚንቶው መካከል የሰው ጡጫ በጠፍጣፋው ካልገባ፣ ሥራ ተቋራጩ አናቱን ቆርጦ እንደገና ያፈሳል።